በፖከር ችሎታና ዕድል፦ የ420 ሰዓት መዝገብ ምን ያህል ይናገራል?

መዝገብ ያዥ (ውይይቱን የከፈቱት)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ላለፉት 14 ወራት በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ዓርብና ቅዳሜ ማታ በአንድ የቁማር ቤት ውስጥ ቴክሳስ ሆልደም የሚባለውን የፖከር ዓይነት ስጫወት ቆይቻለሁ፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት የተሰወረ ካርታ የሚታደልበት፣ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች መሐል የሚዘረጉበት ነው። የምቀመጠው በትንሹ ጠረጴዛ ነው፤ ካርታ ከመታደሉ በፊት ሁለት ተጫዋቾች በየተራቸው አንዱ 1፣ ሌላው 3 ዶላር በግዴታ የሚያስይዙበት ማለት ነው። ከመጀመሪያዋ ማታ አንሥቶ የተቀመጥሁበትንና የተነሣሁበትን ሰዓት፣ ይዤ የገባሁትንና ይዤ የወጣሁትን ገንዘብ አንድም ቀን ሳልዘል በደብተር መዝግቤአለሁ። ድምሩ 420 ሰዓት ሲሆን፣ ኪሳራው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ 2,940 ዶላር አትርፌአለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ትርፍ የችሎታ ነው ወይስ የዕድል የሚል ነው። ባለቤቴ «ቀን ሰጥቶህ ነው» ትለኛለች፤ ጠረጴዛው ላይ የማገኛቸው ሰዎች ደግሞ በደንብ እንደምጫወት ይመሰክሩልኛል። ጉዳዩ ለእኔ የወሬ ጉዳይ አይደለም። በሳምንቱ መካከል ማታ ማታ የምሠራው ሁለተኛ ሥራ አለኝ፤ እርሱን ትቼ ሰዓቱን ወደ ጠረጴዛው ላዛውረው ወይ እያልሁ ነው። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የሚያውቀውን ሳይሳሳልኝ እንዲነግረኝ እለምናለሁ።

ሰንጠረዥ

ቁጥሩን የሚያሰላልዎ ሰው እንደሚመጣ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔ ግን ከቁጥሩ በፊት ጨዋታው ምን ዓይነት ጨዋታ እንደሆነ መለየት ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ገበጣን ያስቡ። ጠጠሮቹ በሙሉ በሁለቱም ተጫዋቾች ፊት ተዘርግተዋል፤ የተደበቀ ነገር የለም፣ የሚጣልም ዕጣ የለም። ስለዚህ የተሻለው ተጫዋች አሥር ጊዜ ቢጫወት አሥር ጊዜ ሊያሸንፍ ይችላል። ሎተሪ ደግሞ በሌላው ጫፍ ያለ ነገር ነው፤ የቆረጠው ሰው ብልህም ይሁን ሞኝ ቁጥሩ አያውቀውም። ፖከር በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሲሆን፣ ከሁለቱም የሚለየው የጎረቤትዎ ካርታ ለእርስዎ የተሰወረ በመሆኑ ነው። ጆን ፎን ኖይማን የጨዋታን ሒሳብ ሲመሠርት ቼስን ትቶ ወደ ፖከር የዞረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ በባዶ እጅ ማስፈራራት፣ ማለትም ብላፍ፣ የድፍረት ወይም የጠባይ ነገር ሳይሆን በስሌት የሚገኝ የትክክለኛ አጨዋወት ክፍል መሆኑን አሳይቷል።

ችሎታ ከናካቴው መኖሩን ለመፈተን የሚበቃ አንድ ጥያቄ አለ፤ ሆን ብሎ መሸነፍ ይቻላልን? ሎተሪ የቆረጠ ሰው ልሸነፍ ብሎ ቢያስብ የሚያደርገው ነገር የለውም። ፖከር የሚጫወት ሰው ግን መልካሙን ካርታ እየጣለ መጥፎውን ይዞ ቢከራከር በአንድ ሌሊት ገንዘቡን ሊጨርስ ይችላል። ክፉ መጫወት የሚቻልበት ጨዋታ መልካም መጫወትም ይቻልበታል።

ሌላም ነገር ልጨምር። በገበጣ ገንዘብ አስይዞ ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ሰው ለሦስተኛ ጊዜ አይቀመጥም፤ ማን እንደሚበልጥ በዓይኑ አይቷልና። በፖከር ግን ደካማው ተጫዋች በዚያችው ሌሊት ጎበዙን ገፎ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመልሶ ይመጣል። ጎበዙ የሚያሸንፈውን ሰው የሚያገኘው፣ ዕድል በጨዋታው ውስጥ ስላለ ነው።

ፒያሳ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እኔ ይህን ሁሉ መለያየት አልቀበለውም። እዚህ ከተማ ውስጥ የስፖርት ውርርድ የሚቆርጡ ወጣቶችም እንደዚሁ ይላሉ፤ ቡድኖቹን አጥንቻለሁ፣ ችሎታ ነው ይላሉ፤ የቤት ኪራያቸውን አጥተው ሲመለሱ ግን ዕድሌ ነው ይላሉ። በፖከር ማን ምን ካርታ እንደሚደርሰው የሚወስን ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በላስ ቬጋስ የዓለም ፖከር ውድድርን ያሸነፈው ክሪስ ማኒሜከር ከቴነሲ ግዛት የመጣ የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ በኢንተርኔት 86 ዶላር ከፍሎ ባገኘው መግቢያ ገብቶ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከ839 ተወዳዳሪዎች መካከል ስንት ዓመት ሙሉ በዚህ ሥራ የኖሩ ሰዎች ነበሩ! ችሎታ የሚወስን ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይሆናል?

የሌሊት ተጫዋች

ወንድሜ ፒያሳ፣ ያነሡት ምሳሌ በጣም ጥሩ ነው፤ ሁለቱንም በአንድነት የያዘ ስለሆነ እስቲ ጠጋ ብለን እንየው።

ማኒሜከር ወደ መጨረሻዎቹ ዘጠኝ ከመግባቱ በፊት ፊል አይቪ ከተባለ ባለሙያ ተጫዋች ጋር ተገናኘ። ማኒሜከር አስና ንግሥት፣ አይቪ ደግሞ ሁለት ዘጠኝ ይዘው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት የጋራ ካርታዎች ሁለት ንግሥትና አንድ ስድስት ስለሆኑ ማኒሜከር በሰፊው ይመራ ነበር። አራተኛው ካርታ ግን ዘጠኝ ሆነና አይቪ ሦስት ዘጠኝ ከሁለት ንግሥት ጋር አገኘ፤ ይህም የማኒሜከርን ሦስት ንግሥት ይበልጣል፤ ገንዘቡ ሁሉ መሐል የገባው በዚህ ጊዜ ነው። በዚያች ቅጽበት ካልታዩት 44 ካርታዎች ማኒሜከርን የሚያድኑት 7 ብቻ ነበሩ፤ አንዲቱ የቀረች ንግሥት፣ ሦስት አስ እና ሦስት ስድስት፤ በመቶኛ 16 ያህል ማለት ነው። አምስተኛው ካርታ አስ ሆነ፤ አይቪም 10ኛ ሆኖ ወጣ። ይህ ዕድል ነው፤ ማንም ሌላ ስም ሊያወጣለት አይችልም።

በኋላ ግን ከሳም ፋርሃ ጋር ለብቻቸው ሲቀሩ፣ አምስቱ የጋራ ካርታዎች ተዘርግተው ማኒሜከር ከአንድ ንጉሥ በቀር ምንም በሌለው ጊዜ ያለውን ሁሉ አስገባ። ፋርሃ ጥንድ ዘጠኝ ይዞ ነበር፤ ይመራ የነበረውም እርሱ ነው። ረጅም ጊዜ አስቦ ካርታውን ጣለ። በዚያ ዙር ካርታው ለፋርሃ አድልቶ ሳለ ገንዘቡ የሄደው ለማኒሜከር ነው። ታዲያ ካርታ ብቻ የሚወስን ከሆነ ይህ ከየት መጣ? ሲጂታል የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ከኢንተርኔት የተሰበሰቡ 103 ሚሊዮን ዙሮችን መርምሮ፣ ከአራቱ ሦስት ያህሉ ማንም ካርታውን ሳያሳይ እንዳበቁ አግኝቷል። እርግጥ ነው ጥናቱን ያሠራው ራሱ የፖከር ኩባንያ ነበር፤ ቢሆንም ቁጥሩ በጠረጴዛ ላይ በየሌሊቱ ከማየው ጋር የሚስማማ ነው።

በዚያው በ2003 ሦስተኛ የወጣው ዳን ሃሪንግተን በ2004 ተመልሶ መጥቶ ከ2,576 ሰዎች መካከል አራተኛ ወጥቷል። በዕጣ ብቻ ቢሆን አንድ ሰው በሁለቱም ዓመታት ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ጋር የመቀመጥ ዕድሉ ከ26,700 ገደማ አንድ ነው። ስለዚህ ለመዝገብ ያዥ የምመልሰው፣ ችሎታ ነው፣ በርቱ የሚል ነው።

የስታትስቲክስ መምህር

ውይይቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሌሊት ተጫዋች ባቀረቡት በመጨረሻው ስሌት ላይ መሠረታዊ ስሕተት ስላለ፣ እርሱም የመዝገብ ያዥን ጥያቄ በቀጥታ ስለሚነካ፣ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ከ26,700 አንድ የሚለው ቁጥር ትክክል የሚሆነው ከ2003 ውድድር በፊት ጣታችንን በሃሪንግተን ላይ ቀስረን «ይህ ሰው በሁለቱም ዓመታት ይደርሳል» ብለን ቢሆን ኖሮ ነው። እኛ ግን እንዲህ አላልንም፤ ነገሩ ከሆነ በኋላ ስሙን አነሣን። ትክክለኛው ጥያቄ በ2003 ከደረሱት ዘጠኝ ሰዎች ማንኛቸውም ቢሆኑ በሚቀጥለው ዓመት የመድረስ ዕድላቸው ስንት ነው የሚለው ሲሆን፣ ዘጠኙም ተመልሰው ተጫውተዋል ብንል መልሱ ከመቶ ሦስት ገደማ ነው። ከመቶ ሦስት ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ከ26,700 አንድ ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ስለ 103 ሚሊዮኑ ዙርም ቢሆን፣ ሰው ካርታውን ሳያሳይ መውጣቱ ብቻውን ችሎታን አያስረዳም፤ መጥፎ ካርታ ስለደረሰው ጥሎ የወጣ ሰው ያደረገው ካርታው ያዘዘውን ነው።

ይህን ስል የችሎታን መኖር መካዴ አይደለም። ስቲቨን ሌቪትና ቶማስ ማይልስ የተባሉ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደውን የዓለም ፖከር ውድድር ሲመረምሩ፣ ቀደም ሲል በነበራቸው ውጤት ጎበዝ ተብለው የተለዩ 720 ተጫዋቾችን ወሰዱ። እነዚህ ሰዎች ለመግቢያ ካወጡት ገንዘብ ላይ በአማካይ ከመቶ 30 በላይ ሲያተርፉ፣ የቀሩት በአማካይ ከመቶ 15 ያህል ከስረዋል። የዚህ ማስረጃ ክብደት ያለው «ቀደም ሲል» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ ጎበዞቹ የተመረጡት ውጤቱ ከመታወቁ በፊት ነውና።

አሁን ወደ ደብተሩ እንምጣ። በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ በሰዓት 30 ዙር ያህል ይታደላል፤ 420 ሰዓት ማለት 12,600 ዙር ነው። ትርፉን በ3 ዶላሩ የግዴታ መደብ ስናካፍል 980 መደብ ይሆናል። በሆልደም የአንድ ተጫዋች ውጤት በየ100 ዙሩ ከአማካዩ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚዋዥቀው በ90 መደብ ገደማ ነው፤ ይህ በሒሳብ መደበኛ ልይይት የምንለው ነው። መዋዠቁ ከዙሮቹ ቁጥር ጋር እኩል አያድግም፤ የሚያድገው በቁጥሩ ካሬ ሥር ልክ ስለሆነ ለ12,600 ዙር 1,010 መደብ ያህል ይመጣል። እርስዎ ያተረፉት 980 ነው። ይህ ማለት ትርፍዎ ካርታ በራሱ ጊዜ ከሚፈጥረው ተራ መዋዠቅ ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ምንም ብልጫ የሌላቸው፣ በረጅም ጊዜ ከዜሮ የማያልፉ ስድስት ሰዎች እንደ እርስዎ 420 ሰዓት ቢቀመጡ፣ ከስድስቱ አንዱ የእርስዎን ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ትርፍ ይዞ ይነሣል።

ደግሞም አምስቱ ሰዎች እዚህ መጥተው ውይይት አይከፍቱም። ስለ ሃሪንግተን ያልሁት ለእርስዎም ይሠራል፤ እርስዎን ያገኘንዎ ካተረፉ በኋላ ነው።

መዝገብ ያዥ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ለመናገር 14 ወር ረጅም መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ያስመዘገብሁት ትርፍ ቤቱ ከየዙሩ የሚቆርጠው ገንዘብ ከተነሣ በኋላ የቀረው ነው። ከሰዎቹ ጋር ያለኝ ብልጫ በዚህ ተሸፍኖ ይሆን?

የሌሊት ተጫዋች

በመጀመሪያ መምህር ላረሙኝ አመሰግናለሁ፤ ስለ ሃሪንግተን ያልሁትን ቁጥር ለዓመታት ስናገረው ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ አልናገረውም።

የቤቱን ድርሻ በተመለከተ፣ መሐል ከተከማቸው ገንዘብ በየዙሩ በአማካይ 4 ዶላር ይነሣል ብንል በሰዓት 120 ዶላር ነው። ለዘጠኝ ተጫዋች ሲካፈል አንዱ ሰው በሰዓት 13 ዶላር ከ30 ሳንቲም ገደማ ይከፍላል፤ በ420 ሰዓት 5,600 ዶላር ማለት ነው። እርስዎ ያተረፉት 2,940 ነው፤ ቤቱ ከወንበርዎ የወሰደው የዚህን እጥፍ ያህል ነው። ቤቱ ምንም ባይቆርጥ ትርፍዎ 8,540 ዶላር በሆነ ነበር።

የስታትስቲክስ መምህር

ጥያቄው ብልህ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ይለውጠዋል። 8,540 ዶላር 2,847 መደብ ነው፤ ይህ ከመዋዠቁ ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ስለሆነ በዕድል ብቻ የሚገኘው ከ400 አንድ ጊዜ ነው። ነገር ግን ቤቱ የሚቆርጠው ካሸናፊው ላይ ስለሆነ በጥቂት ዙር ብቻ የሚገባ ሰው ከአማካዩ ያነሰ ይከፍላል። ጌታዬ፣ እርስዎ ከመቶ ዙር በስንቱ ይገባሉ?

መዝገብ ያዥ

ጥንቁቅ ነኝ። አብዛኛውን ካርታ ገና ሲታደለኝ እጥለዋለሁ፤ የሌሎቹን ግማሽ ያህል እንኳ አልገባም።

የስታትስቲክስ መምህር

እንግዲያው ድርሻዎን በግማሽ፣ በ2,800 ዶላር እንያዘው። ድምሩ 5,740 ዶላር ወይም 1,913 መደብ ይሆናል፤ ከመዋዠቁ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ነው፤ በዕድል ብቻ የሚገኘው ከመቶ ሦስት ጊዜ ነው። ስለዚህ ደብተርዎ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በሁለት የተለያየ ጥንካሬ ይመልሳል። አብረውዎ ከሚቀመጡት ሰዎች አማካይ ትሻላለህ ወይ ለሚለው «ይመስላል» ይላል። ሰዎቹንም ቤቱንም በአንድነት ታሸንፋለህ ወይ ለሚለው ግን «ገና አላውቅም» ይላል። ሥራ ለመተው የሚያስፈልገው የሁለተኛው መልስ ነው።

እኅት ከቨርጂኒያ

ዝም ብዬ ሳነብ ቆይቼ ነው። ካርታ አልጫወትም፤ የምጽፈው ወንድሜ በዚህ ነገር ብዙ ዓመት ስለቆየ ነው። እርሱም ደብተር ነበረው፤ ነገር ግን የከሰረበትን ሌሊት «ዕድሌ ጠማማ ሆነ» ብሎ ይተወው ነበር፤ ያተረፈበትን ብቻ ይጽፍ ነበር። መዝገብ ያዥ አንድም ቀን ሳይዘሉ መጻፋቸውን ሳነብ ልቤ ተነክቷል።

መምህርን የምጠይቀው ይህን ነው፤ አንድ ሰው በእውነት ችሎታ አለው እንበል። ችሎታው እስኪገለጥ ድረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? በዚያ መካከል ያለው ቤተሰብ በምን ይኖራል?

የስታትስቲክስ መምህር

እኅቴ፣ ለመጀመሪያው ጥያቄዎ በቁጥር ልመልስ። በእውነት ጎበዝ የሆነ፣ ከቤቱ ድርሻ በኋላ በየ100 ዙሩ 5 መደብ የሚያተርፍ ሰው እናስብ፤ ይህ በጣም መልካም ውጤት ነው። ከ1,000 ዙር በኋላ፣ ማለትም ከ33 ሰዓት በኋላ፣ ይህ ጎበዝ ከስሮ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 43 ነው። ከ10,000 ዙር በኋላ እንኳ ከመቶ 29 ነው። ወደ ከመቶ 4 የሚወርደው 100,000 ዙር ሲሞላ ነው። 100,000 ዙር በጠረጴዛ ላይ ከ3,300 ሰዓት በላይ ነው፤ በሳምንት 40 ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል፤ እንደ መዝገብ ያዥ በሳምንት 7 ሰዓት ለሚቀመጥ ዘጠኝ ዓመት ነው። ስለዚህ «ዕድልና ችሎታ ስንት ስንት ናቸው» ለሚለው አንድ መቶኛ መስጠት አይቻልም። ሌሊቱ ከሞላ ጎደል የዕድል ነው፤ ችሎታ የሚታየው በዓመታት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም፤ ነገር ግን ትክክለኛው ጥያቄ እርሱ ነው።

ሰንጠረዥ

ይህን ካነበብሁ በኋላ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ታሰበኝ። እኛ «ዕድል» የምንለው ቃል ሁለት ነገር ተሸክሟል፤ አንደኛው መምህር በመቶኛ የሚቆጥሩት ነው፤ ሁለተኛው ሰው የተወለደበትና ይዞት የሚዞረው ነገር ነው፤ «ዕድለኛ ነው»፣ «ገደኛ ነው»፣ «ዕድለ ቢስ ነው» ስንል የምናስበው ይህንን ነው። ጠረጴዛ ላይ ችግር የሚያመጣው የሁለቱ መደባለቅ ነው። ሦስት ጊዜ የተከታተለለት ሰው ዕድል የእርሱ ንብረት የሆነች ይመስለዋል፤ ሦስት ጊዜ የጠፋበትም «አሁን ተራዬ ነው» ይላል። የተበወዘ ካርታ ግን ያለፈውን ዙር አያስታውስም። ሁለት አስ ይዞ ሁለት ንጉሥ ከያዘ ሰው ጋር ያለውን ሁሉ ያስገባ ተጫዋች ከመቶ 82 ጊዜ ያሸንፋል፤ ይህን አምስት ጊዜ ቢያደርግ አምስቱንም የማሸነፉ ዕድል ከመቶ 37 ብቻ ነው። ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ይሸነፋሉ፤ እነዚያ ሁለቱ የተጫወቱት ግን ልክ እንደ አንደኛው ነው።

ፒያሳ

መምህር ያቀረቡት ስሌት ያሳምናል፤ «ሁሉም ዕድል ነው» ያልሁትን እመልሳለሁ። የውርርዱም ነገር በዚህ ተለይቶ ገባኝ፤ ወጣቶቹ አሥር ጨዋታ በአንድ ወረቀት ሲያያይዙ ቤቱ ከእያንዳንዱ ጨዋታ ላይ ከመቶ 5 ቢይዝ፣ አሥሩ ተባዝተው ከአንድ ብር የሚመለሰው በአማካይ 60 ሳንቲም ብቻ ነው፤ ይህን ክፍተት የሚሞላ እውቀት ያለው ሰው አላየሁም። አንድ ጥያቄ ግን ይቀረኛል። ችሎታ የምትሉት ምኑ ነው? የሰውን ፊት ማንበብ ነው?

የሌሊት ተጫዋች

ፊት ማንበብ ትንሹ ክፍል ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ሊብራተስ የሚባለው የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው፤ የሠሩት ቱኦማስ ሳንድሆልምና ኖአም ብራውን ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2017 በፒትስበርግ ከተማ አራት ባለሙያ ተጫዋቾችን ለብቻ ለብቻ ገጥሞ በ20 ቀን ውስጥ 120,000 ዙር ተጫወተ፤ 1,766,250 ዶላር በሚያወጣ ቺፕ፣ ማለትም ገንዘብን በሚወክል የመጫወቻ ምልክት፣ አሸነፈ። ፊት የለውም፣ ፊትም አያይም። የሚያውቀው ምን ያህል ጊዜ መግባት፣ ምን ያህል ማስያዝ፣ በየስንቱ በባዶ እጅ ማስፈራራት እንደሚገባ ነው።

ለመዝገብ ያዥ የሚጠቅመው ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። በ2015 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ክላውዲኮ የተባለ ፕሮግራም 80,000 ዙር ተጫውቶ በ732,713 ቺፕ ተሸነፈ። የዕድልን ተጽዕኖ ለመቀነስ ሲባል፣ በአንዱ ጠረጴዛ ለሰውዬው የደረሰው ካርታ በሌላው ጠረጴዛ ለፕሮግራሙ እንዲደርስ ተደርጎ ነበር። እንዲህም ሆኖ ተመራማሪዎቹ ልዩነቱ በስታትስቲክስ ሚዛን እኩል ከመውጣት የሚለይ አይደለም አሉ፤ ተጫዋቾቹ በዚህ አልተስማሙም። በ80,000 ዙር ላይ እንዲህ ያለ ክርክር ከተነሣ፣ እኔ በ12,600 ላይ «በርቱ» ማለቴ የችኮላ ነበር።

አንድ አንባቢ

ሕጉን በተመለከተ በአጭሩ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2012 በብሩክሊን የፌዴራል ዳኛ የነበሩት ጃክ ዋይንስታይን፣ ፖከር አብላጫው ችሎታ ስለሆነ በአንድ የፌዴራል የቁማር ሕግ አይሸፈንም ብለው ወስነው ነበር፤ በ2013 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። የሻረው ግን ችሎታ የለም ብሎ ሳይሆን ሕጉ ያንን ጥያቄ አይጠይቅም ብሎ ነው። ዳኛው የጠየቁት «አብላጫው የቱ ነው» የሚለው ጥያቄ መምህር ካሉት ጋር ሲተያይ፣ ስንት ዙር የሚለው ሳይጨመርበት መልስ የሚያገኝ አይመስለኝም።

መዝገብ ያዥ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እኅት ከቨርጂኒያ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብሁላት። ሁለተኛ ሥራዬን አልተውም፤ ያተረፍሁትን 2,940 ዶላር ለብቻው በሌላ ሒሳብ አስቀምጬ ከእርሱ ውጭ አንድም ዶላር ወደ ጠረጴዛው ላለመውሰድ ተስማምተናል። 1,000 ሰዓት ሲሞላ እዚሁ ተመልሼ ቁጥሩን እለጥፋለሁ፤ ከስሬ ብገኝም እለጥፈዋለሁ። መምህር፣ ደብተሩ ላይ የምጨምረው ነገር አለ?

የስታትስቲክስ መምህር

ሦስት ዓምዶችን ይጨምሩ። አንደኛው፣ ያለዎትን ሁሉ ባስገቡ ቁጥር በዚያች ቅጽበት ይመሩ እንደነበር ወይም እንዳልነበር ነው፤ ካርታው ከወጣ በኋላ ሳይሆን ከመውጣቱ በፊት የነበረውን ይጻፉ። ሁለተኛው፣ ያሸነፉባቸው ዙሮች ብዛት ነው፤ የቤቱን ድርሻ ከዚህ በኋላ በግምት ሳይሆን በትክክል እናሰላዋለን። ሦስተኛው፣ የጠረጴዛው መጠን ነው። ወደ 2 እና 5 ዶላር ጠረጴዛ ከተዛወሩ አዲስ ገጽ ይጀምሩ፤ የሁለቱን ሰዓት አንድ ላይ አይደምሩ፤ በዚያ የሚቀመጡት ሰዎች ሌሎች ናቸውና።